ዶልፊን የተባለችው ወፍ

ቀመሪያ ጨርቅ ስትቆርጥ መስመር አታሰምርም፤ ዓይኗ ይበቃታል። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አራት ዓመት በቆራጭነት ስትሠራ እጇ ሳተ ብሎ የተናገራት አለቃ የለም፤ ሊናገራት ያሰበ ቢኖርም ምላሷን ፈርቶ ትቶት ይሆናል። ሥራውን የለቀቀችው እናቷ ባቱ ላይ ስለታመሙባት ነው። ቅርብ ሆና ልትጦራቸው ብላ ላንጋኖ ዳር ያለ አንድ ሪዞርት ልብስ ስፌት ክፍል ተቀጠረች። አንሶላ ትጠግናለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች፣ የአስተናጋጆቹን ሽርጥ ታስተካክላለች። የስፌት መኪናዋ መስኮት ሥር ስለሆነ ቀና ባለች ቁጥር ያንን ቡናማ ሐይቅ ታያለች። ደመወዙ የእናቷን መድኃኒት ይችላል፣ ሥራው አይከብድም፤ ከዚህ በላይ አልተመኘችም።

የሪዞርቱ ባለቤት ወይዘሮ ዲንቄ ባላቸው የሞቱባቸው ሰሞን እህል አልቀምስም፣ ሰው አላነጋግርም ብለው ነበር። ልጆቻቸው ሐዘኑን ቢያስረሳቸው ብለው ዱባይ ወሰዷቸው፤ እዚያም ገንዳ ውስጥ ከዶልፊን ጋር ዋኙ። ሲመለሱ ሌላ ወሬ ጠፋ። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ፎቷቸው ተሰቀለ። ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ለብሰዋል፣ ግራጫው ፍጥረት አቅፏቸው ጉንጫቸውን ይስማል፣ እሳቸው ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት እዚያ ውሃ ውስጥ ነው" ይላሉ ለመጣው ሁሉ። "ዓሣው ነው ያቀፈዎት?" ያለ ሰው ወዮለት። "ዓሣ አይደለም፤ እንደኛ ጡት የሚጠባ ነው። ሐዘኔን አውቆልኝ፣ ወዶኝ ነው ያቀፈኝ።"

ይህንን ደስታ ለላንጋኖ እንግዶች ማምጣት ፈለጉ። ሥራ አስኪያጁ ዛኪር፣ ወይዘሮ ዲንቄ በበጋ "ዝናብ መጣ" ቢሉ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው ነውና፣ "ዶልፊን ባይገኝ ፔሊካን አይጠፋም" አለ። ከአጥማጆች አንዲት ወጣት ፔሊካን፣ ያችን መንቁረ ረጅም ትልቅ የሐይቅ ወፍ፣ ገዛ፤ የሐይቁን ጥግ በመረብ አጠረ፤ "ከፔሊካን ጋር ይዋኙ" የሚል ሰሌዳ አቆመ። ወፏንም ዶልፊን ብሎ ሰየማት። ምስኪን ወፍ አይታው በማታውቀው የሩቅ ባሕር እንስሳ ስም ትጠራ ጀመር።

ችግሩ ወፍ መብረሯ ነው። ዛኪር እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሲፈልግ ስፌት ክፍል መጣ።

"እትዬ ቀመሪያ፣ የምትቆርጪው የአንድ ክንፏን የጫፍ ላባ ብቻ ነው። እንደ ጥፍር ነው፣ አያማትም" አላት።

ቀመሪያ አላንገራገረችም። ባቱ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ፔሊካን አይደንቀውም። እዚያ ፔሊካን እንደ ሰፈር ዶሮ በሰው እግር መሀል ይመላለሳል፤ አጥማጆች የጣሉትን የዓሣ ሆድቃ ይለቅማል። ይዞ ማኖር ግን ማንም አስቦት ስለማያውቅ፣ ክንፍ ቢቆረጥ ምን እንደሚጎድል ቀመሪያም አስባው አታውቅም። ለማዳ ወፍ ናት፣ በቃ። ክንፏን ዘርግታ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው።

እውነት ለመናገር ነገሩ ያምር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከአዳማና ከቢሾፍቱ ሰው ይጎርፋል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በእጁ ይዞ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዶልፊን እየቀዘፈች ትመጣና ያንን የመንቁሯን ከረጢት ከፍታ ትቀበላለች። አንድ ቀን ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ከአስተናጋጅ ሲጣላ የዋለ ግዙፍ የአዳማ ጭነት መኪና ሹፌር ገባ። ወፏ መንቁሯን ትከሻው ላይ ብታስደግፍ እንደ ሕፃን ተንከትክቶ ሳቀ። ሲወጣ የተጣላቸውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ቀመሪያም ብትሆን አልቀረላትም። ሰኞ እንግዳ ሲጠፋ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ትገባና ታበላታለች። ወፏም ድምጿን ለየች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እየተጣደፈ የሚቀበላት ፍጥረት ስታገኝ ወደደቻት።

ሐምሌ ላይ ግን የፔሊካን መንጋ በሐይቁ አናት ማለፍ አበዛ። መንጋው ሲመጣ ዶልፊን አንገቷን ታቀናለች፤ ውሃውን በእግሯ እየመታች ትሮጣለች፤ ክንፏን ትዘረጋለች። አንዱ ክንፍ ሙሉ፣ አንዱ ጎደሎ ስለሆነ ወደ ጎን ትገለበጥና መረቡ ላይ ትወድቃለች። መንጋው ያልፋል። እሷ ላባዋን አራግፋ ዝም ትላለች። ቀመሪያ በመስኮት ይህን ባየች ቁጥር የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ዛኪርን ስትጠይቀው "ትለምዳለች" አላት። እሷም ለራሷ "ትለምዳለች" አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መስከረም ላይ አዲስ ላባ በቀለና ቀመሪያ ከነመቀሷ ተጠራች። የመጀመሪያውን እንደቆረጠች ደም ፈሰሰ። በማደግ ላይ ያለ ላባ ውስጡ ደም እንዳለው የነገራት አልነበረም። ወፏ ክንፏን ልትነጥቅ እንኳ አልሞከረችም፤ የያዘቻት የምታምናት ሴት ነበረችና። ቀመሪያ ደሙ እስኪቆም በሽርጧ ጫን አድርጋ ያዘችላት። ጥፍር አይደማም። ሌላውን ላባ ሳትነካ ተነሥታ ሄደች።

በሳምንቱ እናቷን ልትጠይቅ ባቱ ስትሄድ በሐይቁ ዳር አለፈች። አባቷ በሕይወት ሳሉ በአንድ ጀልባ አብረዋቸው ያጠምዱ የነበሩት ኦቦ ጉተማ ዓሣ ሲያጸዱ አገኘቻቸው። ሦስት ፔሊካኖች ፊት ለፊታቸው ቆመዋል።

"አካም ጅርታ፣ ቀመሪያ? ፊትሽ ምነው?"

የወፏን ነገር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሆድቃውን ወርወር እያደረጉ ሰሟት።

"ማነው የሚቆርጣት?"

"እኔ ነኝ።"

የቀረውን ሆድቃ ወረወሩ። ከፔሊካኖቹ አንዷ ድርሻዋን ዋጠችና ተንደርድራ ተነሣች። ኦቦ ጉተማ በቢላቸው ወደ ሄደችበት ጠቆሙ።

"ይቺ ነገ ትመጣ ይሆናል፣ ላትመጣም ትችላለች። ስትመጣ ደስ የሚለኝም ለዚያ ነው። የእናንተዋ መሄጃ የላትም። መውደዷን በምን ታውቃላችሁ?"

ቀመሪያ ወፏን እስክትጠፋ በዓይኗ ተከተለቻት። 

ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀር ዛኪር መጣ። "ላባዋ አድጓል። ለበዓሉ አልጋው ሁሉ ተይዟል፤ ዛሬ ቁረጫት።"

"አልቆርጥም።"

"እትዬ ቀመሪያ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ምን ይባላል? እምቢ ካልሽ የወጥ ቤት ቢላ አይጠፋም።"

ይህን ስትሰማ ተነሣች። የእሷ እምቢታ የእሷን እጅ ከማንጻት አልፎ ለወፏ አይተርፍም ማለት ነው። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ትታ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዲንቄ ቢሮ ሄደች።

"እትዬ፣ የወፏን ላባ እኔ አልቆርጥም፤ ሌላ ሰውም እንዳይቆርጠው ልለምንዎት ነው የመጣሁት። መረቡ ይነሣ። ዓሣውን ማለዳ ማለዳ አቀርብላታለሁ። ከመጣች እንግዳውም ይዋኛል።"

"ካልመጣችስ?"

"ትሂድ።"

ወይዘሮ ዲንቄ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ስንቱ ሰው ሐዘኑን እዚያ ውሃ ውስጥ ጥሎ እንደሚወጣ አላየሽም? እኔ ራሴ የተረፍኩት በእንዲህ ያለ ፍጥረት ነው። ወዶኝ ነው ያቀፈኝ።"

"አይቻለሁ እትዬ። እኔም ወድጃታለሁ። እሷ ትውደደኝ አትውደደኝ ግን መረቡ ሳይነሣ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም።"

የመጨረሻዋ ቃል አጥንታቸው ድረስ ገባች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፣ እሷን አዩ።

"እሺ፣ ይነሣ። ትመጣለች፣ ታያለሽ። ካልተመለሰች ግን አንቺም ሥራሽን ትለቂያለሽ።"

ቀመሪያ የእናቷ መድኃኒት ትዝ አላት። ቃሏን ግን አላጠፈችም። "ይሁን" አለች።

መረቡ ተነሣ። ወፏ መጀመሪያ እየቀዘፈች ሩቅ ትሄድና ለዓሣው ትመለሳለች። ዛኪር "አየሽ?" እያለ ያላግጣል። ቀመሪያም፣ ሐፍረት ይሁንባትና፣ እንዳትሄድ መመኘት ጀመረች። የገና ዕለት ጠዋት እንግዳው በሐይቁ ዳር እንደሞላ መንጋው መጣ። ዶልፊን ውሃውን እየመታች ሮጠች፤ ተነሣች፤ ትንሽ ዘመም ብላ ተስተካከለች፤ ከመንጋው ጋር ተቀላቀለች። እንግዳው አጨበጨበ። ቀመሪያ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ማለዳ ማለዳ ቆሮሶ ይዛ ቆመች። በአራተኛው ቀን ልብሷን በሻንጣ ከተተችና ልትሰናበት ወረደች። ወይዘሮ ዲንቄ ነጠላቸውን ተከናንበው ውሃው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"አልመጣችም አይደል?"

"አልመጣችም እትዬ።"

ወይዘሮ ዲንቄ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። ከዚያ ሳያዩዋት ጠየቁ። "የእኔው ዶልፊንስ፣ ቀመሪያ? ገንዳው ቢከፈትለት ኖሮ ይሄድ ነበር?"

አንዲት የማባበያ ቃል ሻንጣዋን ታስፈታላት ነበር። ሴትየዋ ምን መስማት እንደፈለጉ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

"ይሄድ ነበር" አለች ቀመሪያ።

ወይዘሮ ዲንቄ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ፤ ባላቸውን በስማቸው እየጠሩ አለቀሱ። ቀመሪያ ሻንጣዋን አስቀምጣ እስኪወጣላቸው ድረስ እጃቸውን ያዘች። በመጨረሻ እጃቸውን አላቀቁ።

"ሥራሽን ትለቂያለሽ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ግን ቅሪልኝ ብዬም አልይዝሽም። እንደ ልብሽ ሁኚ።"

ቀመሪያ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ ባቱ፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። ቅዳሜና እሑድ ወይዘሮ ዲንቄ ወንበራቸውን ከሐይቁ አዙረው ወደ ግቢው በር እያዩ ዋሉ። ለዘበኛው ምክንያቱን አልነገሩትም፤ በሩን ግን እንዳይዘጋው ከለከሉት።

ሰኞ ማለዳ ቀመሪያ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች።