ኳሷን የማያነሱት ሰውዬ

ቅዳሜ ጠዋት ባህር ማዶ፣ ዊተን በሚባል ከተማ ሜዳ ላይ፣ በዱላና በትንሽ ኳስ ከሚጫወቱት አይሪሾች መሃል አንድ ሸበቶ የኛ ሰው አሉ። የፓርኪንግ ዩኒፎርም ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከትተው ይሮጣሉ። ቡድናቸው የመጨረሻው ዲቪዚዮን ጭራ ነው፤ ዘንድሮ አንዴም አላሸነፈም። ሌሎቹ ኳሷን አንስተው በአየር ይለጓታል፤ እሳቸው ግን እንደ ገና ጨዋታ በመሬት ይነዷታል። አሰልጣኙ «አንሳት!» እያለ ጉሮሮው ደረቀ።

ዛሬ የሲዝኑን የመጨረሻ ጨዋታም ተሸንፈው፣ ቅልጥማቸው ደምቶ ወጡ። ከቁስሉ በታች ያለውን አሮጌ ጠባሳ እያሳዩኝ፣ «ይቺ የወንድሜ ዱላ ናት፤ የገና ዕለት። ነፍሱን ይማር!» አሉ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አያነሷትም?» አልኳቸው።

ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«እነሱስ አንስተው መች አሸነፉ?»