በለቀማ ክፍል የተከለከለው ቋንቋ

አቶ ግዛው የበደለኝ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ነው። ቦንጋ በነበረው የቡና መቀሸሪያ በለቃሚነት ተቀጥሬ ገና ሰፌዴን ስይዝ፣ የለቀማ ክፍሉ አለቃ እሱ ነበርና ፊቴ ቆሞ፣ «እዚህ ካፊኖኖ አይወራም። ልታሙኝ ከሆነ በማውቀው ቋንቋ እሙኝ» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቀልድ አልነበረም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የእኛን የካፋዎችን ቋንቋ የማይሰማ ሰው ነው፤ አንገታችንን ደፍተን ከሳቅን እሱን ያማነው ይመስለዋል።

ሥራችን ከተቀሸረው ቡና ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ መልቀም ነበር። እጄ ፈጣን ስለነበር የለቃሚዎች ተቆጣጣሪ እንድሆን ታጨሁ። በዚያው ሰሞን የአንዷ ለቃሚ ነጠላ ማሽኑን በሚያዞረው ቀበቶ፣ በቺንጋው ተያዘ። ልቀቂው ብዬ ጮህኩባት፤ በካፊኖኖ። ነጠላዋን ጥላ ተረፈች።

«በአማርኛ ብትዪያት አትሰማም ነበር?» አለኝ አቶ ግዛው።

«ደንግጬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ተቆጣጣሪ አይደነግጥም።»

ቦታውን ለሌላ ሰጠ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ለቃሚ ሆኜ ቀረሁ።

ሁለተኛ ካፊኖኖ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቤቴም አማርኛ ብቻ ማውራት ጀመርኩ። ልጄ ምሕረት ካፊኖኖ ሳታውቅ በዚያው አደገች።

ዘንድሮ መቀሸሪያው የሥዕል ማሳያ ሆነ ሲሉኝ ከምሕረት ጋር ሄድኩ። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። ማሽኑ ተነቅሎ የቆመበት ሲሚንቶ ብቻ ቀርቷል። በለቀማ ክፍሉ ግን ሥዕል የለም። ከጣሪያው ጆንያዎች ተንጠልጥለዋል፤ በየጆንያው ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ። አንዲት ወጣት ሠዓሊ የድሮ ለቃሚዎችን ወሬ ቀድታ ነው የምታሰማው፤ በካፊኖኖ።

አቶ ግዛው በክብር እንግድነት ተጠርቷል። ከዘራውን ተደግፎ አንዱ ጆንያ ላይ ጆሮውን ደቅኗል።

«ወርቅነሽ፣ አለሽ እንዴ? ምንድን ነው የሚሉት?»

«ስለ እርስዎ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ያን ጊዜስ?»

ወደ ጆንያው ዞርኩ።

ምሕረት ክንዴን ያዘችኝ። «እማዬ፣ ምን እያሉ ነው?»

የእሱን ጥያቄ ከልጄ አፍ ሰማሁት። ተቆጣጣሪነቱን ካጣሁበት ቀን ይልቅ አሁን ቆጨኝ። የአለቃ ክልከላ ከመቀሸሪያው በር ማለፍ አልነበረበትም።

አቶ ግዛው መልስ እየጠበቀ ቆሟል። ምሕረትን ወደ ጥግ ወስጄ፣ ሴቶቹ የሚሉትን አንድ በአንድ በጆሮዋ ነገርኳት። ሳቀች። እሱ ዞሮ አየን።

ለእሱ አልነገርኩትም።