አባዬ ጌሞቻችንን የገመተበት ቅዳሜ

ልጅ ሆኜ፣ ናዝሬት ስንኖር፣ አባዬ ከአሰብ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባው ሽታው ነበር። ናፍጣ፣ ተምርና መንገድ ላይ የደረቀ ላብ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ ድንገት ደስ ይለኛል። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከወደብ እህልና ማዳበሪያ እየጫነ ይመላለሳል። መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ እኔና ጫልቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠን እንጠብቀዋለን። ጫልቱ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን፤ በግቢዎቻችን መሃል ያለውን የቆርቆሮ አጥር ደግሞ በእኛ ልክ ሸንቁረነው ነበር። እናቶቻችን በየጊዜው ያስጠግኑታል፣ እኛ በየጊዜው እንከፍተዋለን።

አንድ ቀን ከተምሩ በፊት ከኮቱ ኪስ ሌላ ነገር አወጣ። ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ፊቱ መስታወት ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ቁልፎች አሉት። አንዱን ጫን ሲያደርገው ጢጥ አለና መስታወቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ባቡር ብቅ አለች። ከአንድ መርከበኛ ነው የገዛሁት አለን። «ጌም ይባላል። እንዴት እንደሚጫወቱት አልነገረኝም፤ እሱን እናንተ ድረሱበት።» ደረስንበት። እስኪመሽ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ባቡሯን ስናጋጭ ዋልን። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቁርና ነጭ። በገዛ እጃችን የምናንቀሳቅሰው ስዕል ግን አይተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ጌሞቹ ቀስ በቀስ በዙ። አባዬ አንዳንዴ ይዞ ይመጣል፤ ደብረ ዘይት አየር ኃይል የሚሠራው የጫልቱ አጎትም ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ አንድ አመጣላት። ላያቸው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማንችል ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። የመጀመሪያው «ባቡሩ» ነው። የአጎቷ ስጦታ ከቆጥ የሚወድቅ እንቁላል በቅርጫት የሚያስቀልብ ስለሆነ «እንቁላሉ» አልነው። «ጦጣው» እና «ጋሪው» ነበሩ። አንዱ ከመጣ ጀምሮ ድምፅ አሰምቶ ስለማያውቅ «ሟቹ» ይባል ነበር። የመጨረሻው «ድልድዩ» ነው፤ ሰዎች የተሰበረ ድልድይ ሲሻገሩ ወንዝ ውስጥ እንዳይወድቁ ቶሎ ቶሎ ሳንቃ የምናነጥፍበት። ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት እነጫልቱ ቤት።

የሰፈሩ ወንዶች ለመጫወት ሲመጡ ብይ እናስከፍላቸዋለን። እኛ ብይ አንጫወትም፤ ጨዋታችን ገመድና ጠጠር ነው። ግን ከጣቢያው እስከ ገበያው ድረስ እንደ እኛ ብይ ያለው አልነበረም። የባትሪ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቸግረን። የሰዓት ባትሪ ስለሆነ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ኑሪ ጋ እንሄዳለን፤ እሱም ከሰው ሰዓት ያወጣውን ያገለገለ ባትሪ በነጻ ይሰጠናል። መሥራት አለመሥራቱን በምላሳችን ጫፍ እንሞክረዋለን። ያ ብረት ብረት የሚል ቆንጠጥ የሚያደርግ ጣዕም አሁንም አፌ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ድልድዩ ግን አመል ነበረው። አንዴ ከእጃችን አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ወዲህ ባትሪውን የሚይዘው ስስ ብረት ተሰብሯል። አንድ ሰው ከኋላ በአውራ ጣቱ ባትሪውን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳችን ስንጫወት ሌላችን እንይዛለን። የያዘች ልጅ ደግሞ ዝም ብላ አትይዝም፤ «በግራ! በግራ መጣ!» እያለች ትጮሃለች። ብዙ ነጥብ ያገኘነው በእሱ ነው። ብዙ የሳቅነውም በእሱ ነው።

ትምህርት በተዘጋበት ክረምት የጫልቱ አባት ጋሽ ፈይሳ አዳሚ ቱሉ ተዛወሩ። የእርሻ ባለሙያ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ቤተሰቡ እዚያው አጠገብ ዝዋይ ሊኖር ነው ተባለ። እኔና ጫልቱ ይህን ስንሰማ አላለቀስንም። የተጣላነው በብስኩት ቆርቆሮው ነው። እሷ «ቆርቆሮው የእማዬ ነው» አለች። እኔ «ውስጡ ያለው የአባዬ ነው» አልኩ። እሷ እንቁላሉን ጠቀሰች፤ እኔ ጦጣውን። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ቀዳዳ ማለፍ ትተን፣ ስንገናኝ ፊታችንን ማዞር ጀመርን። እናቷ እትዬ ደሚቱ እና እማዬ ሦስት ሦስት ተካፈሉ ቢሉን የትኞቹን ሦስት የሚለው ሌላ ጠብ ሆነ።

አባዬ በዚያው ሰሞን ከአሰብ ገባ። እማዬ ነገሩን ስትነግረው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛችንን አውጥቶ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ዘረጋው። የሥራ ቆቡን አደረገ፤ የሲጋራ ካርቶን ቀዶ ጀርባውን ለመጻፊያ አዘጋጀ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ከዚያ የጫልቱን እናት ጠርቶ ልጅቱንም ቆርቆሮውንም፣ ያጠራቀምነውንም ብይ አስመጣ።

«እዚህ ጉምሩክ ነው» አለን ድምፁን አወፍሮ። «እኔ ፈታሽና ገማች ነኝ። አሰብ ላይ ዕቃ ሳይመዘገብና ሳይገመት አያልፍም። እዚህም አያልፍም። ዋጋው በብይ ነው፤ የፈለገችው ለሌላዋ ከፍላ ትወስዳለች።»

እማዬ ከበረንዳው ሆና «ኧረ ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ምን ይላል!» አለችው። ጌሞቹ እውነተኛው ጉምሩክ ፊት ቀርበው እንደማያውቁ እሷም እሱም ያውቃሉ።

ባቡሩ ቀረበ። ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ጉዳት እንዳለበት ጠየቀን። የመስታወቱን ጭረት በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ቁልፎቹን ተጫነ፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። እኔና ጫልቱ እንደተኳረፍን ነን፤ ለእሱ ብቻ ነው የምንመልሰው። ግን እሷ «ጭረቱ የመጣው ባለፈው ፋሲካ ነው» ስትል እኔ ሳላስበው «አይደለም፣ ዝናብ የዘነበ ቀን ነው፣ ስንሮጥ» እላለሁ። እሷም «አዎ፣ ያንቺ ነጠላ ጫማ ተበጥሶ» ትላለች። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እንቁላሉ፣ ጦጣውና ጋሪው እንዲሁ አለፉ። ሟቹ ሲቀርብ «ሟችም ይመዘገባል» ብሎ ቆቡን አነሳለት። ጫልቱ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

አንድ ነገር ግን አላማረውም። እኔ የምፈልገውን ሁሉ አጣጥላለሁ፤ ጫልቱም የምትፈልገውን ታጣጥላለች። ዋጋው ዝቅ ካለ በጥቂት ብይ የእኛ ይሆናላ። እርሳሱን አስቀምጦ ተራ በተራ አየን።

«ሃያ ዓመት ከነጋዴ ጋር ስውል እንደ እናንተ ያለ አላየሁም» አለ። «ቀጥሎ!»

ቀጥሎ ድልድዩ ነበር። «ይሄ ምንም አይረባም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ላኪ! አይረባም!» አለች ጫልቱም፣ በኦሮምኛው «አይ» ጀምራ ራሷን እየነቀነቀች። «ተሰብሯል፣ ጋሼ። ባዶ ነው።»

ከተጣላን ጀምሮ የተስማማንበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። አባዬ ድልድዩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ሁለታችሁም ከመሰከራችሁ እንግዲህ ዋጋ የለውም። አሰብ ላይ ዋጋ የሌለው ዕቃ ባሕር ነው የሚጣለው» አለና ከወንበሩ ተነስቶ ወደ አጥሩ ማዶ ሊወረውረው እጁን ወደ ኋላ ሳበ።

ምን ያህል በፍጥነት እንደተነሳን አላውቅም። እኔ በአንድ ክንዱ፣ ጫልቱ በሌላው ተንጠለጠልን። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብዮቹ በግቢው ተበተኑ፤ ዶሮዎቹ እህል መስሏቸው እየተንደረደሩ መጡ። አባዬ ሁለታችንን ተሸክሞ እየተንገዳገደ ይስቃል። እማዬም እትዬ ደሚቱም ይስቃሉ። እኛም ሳቅን። እየሳቅን ሳለ የጫልቱ ሳቅ ወደ ለቅሶ ዞረ።

«እዚያ ማን ይይዝልኛል?» አለች።

አባዬ ቆቡን አወለቀ። ጉምሩክነቱ በዚያው አበቃ። ጎንበስ ብሎ ፊቷን በመሐረቡ ጠረገላትና «ይሠራል፣ ልጄ። ጋሽ ኑሪ ይሠራዋል፤ ያኔ ማንም ባይዘው ይጫወታል» አላት። ሁለታችንንም ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ሰዓት ቤቱ ወሰደን።

ጋሽ ኑሪ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ድልድዩን ከፈተ። ስሷን ብረት በጉጠት ነካ አደረጋትና «ቀላል ነው፤ እስከ አሥር ሰዓት እበይዳታለሁ» አለ። ጫልቱ ባንኮኒው ላይ አገጯን አስደግፋ ታየዋለች።

«ከተበየደ በኋላ ሁለት ሰው አያስፈልገውም?» ስትል ጠየቀችው።

«አንዱም ይበቃዋል።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «እንግዲያው ይቅር፣ ጋሼ። አይሠራ» አልን፣ ማን እንደጀመረ ሳይታወቅ። ጋሽ ኑሪ ሲስቅ ማጉያው ከዓይኑ ላይ ወድቆ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስሠራ፣ አትሥራልን የሚል ደንበኛ ገና ዛሬ መጣ» አለ። ሟቹን ለመለዋወጫ ሰጠነው፤ እሱም በፋንታው ያላገለገሉ አዳዲስ ባትሪዎች ሰጠን።

ክፍፍሉ መንገድ ላይ፣ ሸንኮራ እየመጠጥን አለቀ። ባቡሩና ጦጣው ለጫልቱ፣ እንቁላሉና ጋሪው ለእኔ። የራሷ አጎት ያመጣውን ለእኔ፣ የእኔ አባት ያመጣውን ለእሷ፤ እሷ ናት እንደዚያ ይሁን ያለችው። ድልድዩ ግን አይከፈልም፤ ይመላለሳል። ጋሽ ፈይሳ በየወሩ ለሥራ ናዝሬት ይመጣሉ፤ በቦርሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ በሚቀጥለው ወር ይዘውት ይመለሳሉ።

እነጫልቱ የሄዱ ቀን ዕቃቸው በተጫነበት መኪና ላይ፣ ፍራሽ መሃል ተቀምጣ እጇን ስታውለበልብ አቧራው እስኪሸፍናት አየኋት። የአጥሩ ቀዳዳ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠግኖ ሳይከፈት ከረመ።

ድልድዩ ግን ቃሉን ጠበቀ። አንዴ ጋሽ ፈይሳ ሞጆ ኬላ ላይ ሲፈተሹ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ዕቃ ባትሪውን ተጭኖት ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ተገኘ። ወታደሩ ተሳፋሪውን በሙሉ አስወረደ። ያ ዝምተኛ ሰው መሣሪያ ወይም የሬዲዮ መገናኛ አለመሆኑን ለማስረዳት መንገድ ዳር ቆመው መጫወት ግድ ሆነባቸው፤ ባትሪውን በአውራ ጣቱ የያዘላቸው ደግሞ ራሱ ወታደሩ ነው። «ከዚያማ ተራዬ ነው አለኝ» ብለው ሲነግሩን፣ እሳቸውን ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ሾፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቆሞ «በግራ! በግራ!» ይል ነበር አሉ።

ጫልቱ ዝዋይ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ጓደኛ አግኝታ ባትሪውን መያዝ አስተማረቻት። መጀመሪያ ቀናሁ፤ ከዚያ እኔም ያዥ አገኘሁ። አባዬ ከአሰብ ሲመጣ ገላውን ታጥቦ ደረጃው ላይ ይቀመጥና አውራ ጣቱን ያውሰኛል። ጣቱ ትልቅ ስለሆነ ግማሹን ቁልፍ ይሸፍንብኝ ነበር። በጎማና በመፍቻ የጠነከረ ጣት ነው። ስቆጣው «እሺ፣ እሺ» እያለ ያስተካክላል። በረሃውን ቀንና ሌሊት ነድቶ መጥቶ፣ እንቅልፍ እያዳፋው፣ እኔ እስክሸነፍ አይለቅም ነበር። የዝዋይ ሙቀት ይሁን የእኛ ብዙ ጨዋታ፣ መስታወቱ በስተመጨረሻ ጠቆረና ድልድዩም ሟቹን ተከተለ። ያን ጊዜ ግን እኔና ጫልቱ ደብዳቤ መጻፍ ለምደን ነበር።

አሁን የእኔ ልጅ መደርደሪያ ሙሉ ጌም አለው። ባለፈው ወር የማይጫወትባቸውን ሊሸጥ አስቦ ሁሉንም ፎቶ አነሳ፤ ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ መዘገበ፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ ከኢንተርኔት ላይ አገኘ። እራት ሳይቀርብ ጨረሰ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ገዢም ወዲያው አገኘ። በጨዋታውም ቢሆን ብቻውን አይደለም፤ አይቷቸው ከማያውቃቸው የሩቅ አገር ልጆች ጋር እየተነጋገረ ሲስቅ እሰማዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ብቻ ያን ሁሉ ሲገምት የተቃወመው አለመኖሩ ገረመኝ። ጭረቱ የመጣው ያን ቀን ነው፣ አይደለም ያን ቀን ነው የሚለው ሰው አልነበረም።

ይህን ለጫልቱ በስልክ ነገርኳት። ባቱ ነው የምትኖረው፤ ዝዋይን አሁን እንደዚያ ነው የምንጠራው። አባዬ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ልቅሶው ላይ ከባቱ መጥታ ከእኔ እኩል ያለቀሰችለት እሷ ናት። ነግሬያት ሳልጨርስ፣ በክፍፍሉ ያተረፍሽው አንቺ ነሽ፣ እንቁላሉ ከባቡሩ ይበልጥ ነበር ብላ ጀመረች። እኔም ባቡሩ ይበልጣል አልኳት። የስልክ ካርዴ እስኪያልቅ ተከራከርን፤ ሲቋረጥ እሷ መልሳ ደወለች።