የኤኒድ ፎሶሊያ በድርቁ በጋ

ኤኒድ ራምስደን ጉልበቷን በሱፍ ፋብሪካ የጨረሰች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ከጓሮዋ የማትጠፋ ሴት ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ አንደበቷ ቁጥብ ነው። ቀኝ ዳሌዋ ስትነሳም ስትቀመጥም ያማታል፤ ለማንም ግን አትናገርም። የምትኖረው ብራክንቤክ በምትባል፣ በእንግሊዝ አገር ዮርክሸር በምትገኝ መንደር፣ ከባሏ ከዊልፍ ጋር ነው። ዊልፍ በአውቶቡስ ሹፌርነት ያረጀ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ የሚስቱን ዝምታ ሁለቱንም እንዳይከብዳቸው በቀልድ የሚሞላ ሰው ነበር።

ብራክንቤክ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአበባ፣ የፍራፍሬና የአትክልት ውድድር ታደርጋለች። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ጎረቤቱን በአጥር ላይ ይሰልላል። ሴቶቹ አበባ፣ ማርማላታና ኬክ ያቀርባሉ። የአትክልቱ ጠረጴዛ ግን የወንዶቹ ነው። ደንብ ብሎ ያወጣው የለም፤ እንዲሁ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የፎሶሊያው ዋንጫ ደግሞ ከሥጋ ሻጩ ከሲሪል ኦድሮይድ ቤት ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ሥጋ ቤት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ኤኒድ ሥጋዋ እስኪመዘን ቆማ፦

«ዘንድሮ ፎሶሊያ ላቀርብ ነው» አለች።

ሲሪል ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ቀና አለ። «ለእራት ነው ለውድድር?»

ሱቁ ሳቀ።

«ለውድድር።»

«እንዴ ኤኒድ! ኬክሽ ምን ጎደለው? ሰው ሁሉ የሚወደውን ትተሽ ምን አስቸገረሽ?»

«ኬኬ ምንም አልጎደለውም። ያንተ ፎሶሊያ ግን ተፎካካሪ ጎድሎታል።»

ይህን ስትል ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ቤቷ ገብታ ለዊልፍ ስትነግረው ዊልፍ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «በይ እንግዲህ፣ ከተናገርሽው መመለስ የለም!»

መመለስም አልነበረም። ጉድጓዱን ቆፈረች፣ ፍግ ሞላችበት፣ የድጋፍ እንጨቶቹን አቆመች፣ ዘሩን ግንቦት ላይ ዘራች። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ።

ያን በጋ ያየ አይረሳውም። ሰማዩ ሳምንት ከሳምንት ያለ አንዲት ደመና ይውላል። ሣሩ ገለባ መሰለ፣ የመንደሩ ወንዝ ድንጋዩን አወጣ። ሐምሌ ሲገባ አትክልት በውሃ ጎማ ማጠጣት ተከለከለ፤ ሲያጠጣ የተገኘ ይቀጣል ተባለ። ሰው ጎረቤቱን መጠቆም ጀመረ። መኪናው የታጠበ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ታየ።

ፎሶሊያ ደግሞ ውሃ ጠጪ ነው። ከጠማው አበባውን ያረግፋል፤ ፍሬ ቢይዝም ይጎብጣል፣ ክር ያበቅላል። ኤኒድ የዕቃ እጣቢዋን፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ፣ ልብስ የዘፈዘፈችበትን ሁሉ በባልዲ እየቀዳች ከማድ ቤት እስከ ጓሮው ጥግ ማመላለስ ጀመረች። ባልዲውን በግራ እጇ ትይዝና ቀኝ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። ዊልፍ ላግዝሽ ሲላት «አንተ ትደፋዋለህ» ትለዋለች። ሐኪም ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ ደረቱን አይቶ ከልክሎታል፤ እንዲህ የምትለው ይህን ላለማስታወስ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲሪል በአጥሩ በኩል አለፈና ቆመ። የእሱ ፎሶሊያ አበባው እየረገፈ ነው። የኤኒድ ግን አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ፣ ቀይ አበባ ለብሶ፣ ንብ እየጮኸበት ቆሟል።

«ምን እያጠጣሽው ነው?» አለ ሲሪል።

«የዊልፍን እጣቢ።»

«የዊልፍ እጣቢ ይህን ካበቀለ እኔም መጥቼ ልጠበው።»

ቀልድ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ተጎንብሶ የጓሮውን ቧንቧ አየ፣ ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ አየ፣ ሄደ። በማግስቱ ኤኒድ ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ወሬው ሲቋረጥ ሰማች። እንዲህ ያለ ዝምታ ምን እንደሆነ መንደር ውስጥ ያደገ ሰው አይጠፋውም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የውድድሩ ኮሚቴ ተወዳዳሪዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰባቸው። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አክሮይድ፣ ቀጭንና ቀጥ ያለች ሴት፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «ሐሜት በዝቷል። እኔ በየሰው ጓሮ እየዞርኩ ፖሊስ አልሆንም። በዚህ በጋ አትክልቱን በጎማ ያላጠጣ ሰው እዚሁ ተነስቶ ቃሉን ይስጥ፣ እኛም እናምናለን። ቃሉን ያፈረሰ ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይወዳደርም።»

አንድ በአንድ ተነሱ። ኤኒድ ተራዋ ሲደርስ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። «የእኔን ፎሶሊያ የጎማ ውሃ ነክቶት አያውቅም» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነት መስሏታልና። አጠገቧ ዊልፍን አሳለው፣ ሳሉም ለረጅም ጊዜ አልተወውም። ደረቱ ነው ብላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

የውድድሩ ቀን ማልዳ ተነሳች። ፎሶሊያ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ጋር ካልተቀጠፈ ይልፈሰፈሳል። እርጥብ ጨርቅ ክንዷ ላይ ዘርግታ፣ መቀሷን ይዛ፣ ከሁሉ ዝቅ ብላ የተንጠለጠለችውን ለመቁረጥ ተንበረከከች። ጉልበቷ ቀዘቀዛት። ከግንዱ ሥር ያነጠፈችውን ገለባ ገለጥ አድርጋ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ጣቷ እስከ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ነበር ሁለት ባልዲ ያፈሰሰችው። በዚያ ሙቀት ይህን ያህል እርጥበት አይተርፍም። አሸተተችው። የሳሙና ሽታ የለውም። ቀና ብላ ጎማውን አየችው፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ዊልፍ በፒጃማው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዊልፍ።»

«እ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አልካደም። «ከሐምሌ። አንቺ ከተኛሽ በኋላ።»

«ተነስቼ ቃሌን ስሰጥ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«በመስኮት አይሽ ነበር እኮ» አለ። «ባልዲውን አስቀምጠሽ አጥሩን ይዘሽ፣ ሕመሙ እስኪያልፍልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትቆሚ። እኔ ባልዲ ማንሳት አልችል፣ አንቺ አልተውም አልሽ። ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልይሽ?»

«አዎ! ቁጭ ብለህ ልታየኝ ይገባ ነበር!» ጮኸች። ጩኸቷ የገዛ ራሷን አስደነገጣት። በእነዚያ ሁሉ የትዳር ዓመታት እንዲህ ጮሃበት አታውቅም።

እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ፎሶሊያው በውድድሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት እየደረሰ ነው። መቀሱን ጥላ ቤት ልትገባ ይገባት ነበር፤ አላደረገችውም። እጇ ራሱ የሚያውቀውን ሥራ ጀመረ። መረጠች፣ ቆረጠች፣ በእርጥቡ ጨርቅ ጠቀለለች። ለውድድር የሚቀርቡት ዘጠኙም እኩል ርዝመት፣ ቀጥ ያሉ፣ ጉብታ የሌላቸው ነበሩ። ዊልፍ መኪናውን አስነሳ።

ድንኳኑ ውስጥ የተረገጠ ሣርና የሽንኩርት ሽታ ታፍኗል። ኤኒድ ፎሶሊያዋን ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ ደረደረች። ቀጥሎ ያለው ሳህን የሲሪል ነው። የእሱም መልካም ነው፤ ግን አንዱ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ብሏል፣ ቀለሙም ገርጥቷል። ሲሪል የእሷን አየ፣ የራሱን አየ፣ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ።

«ተወዳዳሪዎች ውጡ!» አለች ወይዘሮ አክሮይድ።

ሙቀቱ እንዳያፍን የድንኳኑ አንድ ጎን ተጠቅልሎ በገመድ ብቻ ታጥሯል። ኤኒድ ገመዱን ይዛ ቆመች። ዊልፍ ሻይ ይዞላት መጣ። አልተቀበለችውም። ዳኛው ከሌላ ወረዳ የመጡ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንንም አያውቁም፣ ከማንም አይነጋገሩም። ካሮት ላይ ቆዩ፣ ድንች አገላበጡ። እንደ እንቅልፋም በሬ ይራመዳሉ። ፎሶሊያው ዘንድ ሲደርሱ ኤኒድ ገመዱ ላይ ተደገፈች። አሁን ልጮህና «ተዉት፣ የእኔን አይቁጠሩት» ልበል? አሁን?

ዳኛው ከሲሪል ሳህን አንዱን አነሱና ትኩስነቱን ለመፈተን ሊሰብሩት ሞከሩ። ጎበጥ አለና በክር ተንጠለጠለ። አስቀመጡት። ከኤኒድ ሳህን አንዷን አነሱ፣ ወደ ብርሃን ያዟት፣ አጎበጧት።

ቋ!

እስከ ገመዱ ድረስ ተሰማ። ለሁለት ንጹሕ ሆና ተከፈለች፤ ከተሰበረችበት ውሃ ፈነጠቀ። ዳኛው ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ከቀትር በኋላ ሰዉ ሲገባ የአንደኝነቱ ካርድ ከኤኒድ ሳህን አጠገብ ቆሟል። ሴቶቹ አቀፏት። አንዷ አለቀሰች። ኤኒድ በመካከላቸው እንደ እንጨት ደርቃ ቆማ ሳለ ሰዉን እየገፋ ሲሪል መጣ። ያን ትልቅ ገላውን ይዞ ፊቷ ተገተረና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኤኒድ፣ ክፉ ሳወራብሽ ነው የከረምኩት» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጎማ ነው ብያለሁ። በሱቄ ውስጥ ብያለሁ። ትናንት ግን እህቴ ባልዲ ስታመላልሺ በየቀኑ እንደምታይሽ ነገረችኝ። ይቅር በይኝ።»

እጁን ዘረጋ። ክስ ቢያመጣባት ይቀልላት ነበር፤ ለክስ መልስ ትመልሳለች። ለዚህ ግን ምን ይባላል? የተዘረጋውን እጅ አየችው። አልጨበጠችውም። ዞራ፣ ዳሌዋን እየጎተተች፣ ዋንጫዎቹ ወደተደረደሩበት ጠረጴዛ ሄደች።

«ፎሶሊያዬን ከውድድሩ አውጪልኝ» አለቻት ወይዘሮ አክሮይድን።

«ምን አልሽ?»

«የጎማ ውሃ ጠጥቷል።»

ወይዘሮ አክሮይድ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ነሽ ያጠጣሽው?»

«የበቀለው እኔ ጓሮ ነው። ምን ለውጥ አለው?»

«ለውጥማ አለው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ዊልፍ ነበር፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት። እሷ ያወቀችው ዛሬ ጠዋት ነው።»

ወይዘሮ አክሮይድ ወደ ኤኒድ ዞረች። ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ሳትጠይቅ አታልፍም። «ዛሬ ጠዋት ካወቅሽ ለምን አቀረብሽው?»

ኤኒድ ዞር ብላ ሳህኗ ላይ ያለችውን ስባሪ አየች።

«ስትሰበር መስማት ፈልጌ ነው» አለች። «አንድ ጊዜ።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ አክሮይድ ራሷ ሄዳ ካርዱን አነሳችና ወደ ሲሪል ሳህን አዛወረችው። ሲሪል «ዋንጫውን በዚህ መንገድ አልፈልገውም» ሲል ተሰማ። አልፈልገውም ማለቱ ግን ሲጠራ ወጥቶ ከመቀበል አላገደውም።

ቤት ሲገቡ ኤኒድ ባርኔጣዋን ሰቀለች፣ የተመለሱትን ስምንት ፎሶሊያዎች ማድ ቤት ወሰደች፣ ከታተፈቻቸው፣ በጨው ውሃ ቀቀለቻቸው፣ ቅቤ ጣል አደረገችባቸው። ሁለት ሳህን አቀረበች። ዊልፍ ልቀመጥ ወይስ አልቀመጥ ብሎ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ብላ» አለችው።

በላ። ቀና ብሎ አያት፣ አንድ ነገር ሊቀልድ አሰበና ተወው።

«ጎማውን ነገ ለሰው ትሰጠዋለህ» አለች።

«እሰጠዋለሁ።»

«ደግሞ ትንንሽ ባልዲ አለ። ትንንሹን ገዝተህ ታመጣና እየተካፈልን እንይዛለን። በየጊዜው ‹ላግዝሽ› እያልክ አትጨቅጭቀኝ።»

ዊልፍ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች። ንዴቷ ግን በአንድ ሳህን ፎሶሊያ አላለፈም። ሳምንት ሙሉ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችውም። ዝናቡም በዚያው ሳምንት፣ ለማንም ውድድር በማይጠቅምበት ሰዓት፣ እንደ ጉድ ወረደ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደተባለው ታገደች፤ ኬክም አላቀረበች። ፎሶሊያዋን ግን ዘራች። ሐምሌ ላይ ሲሪል አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እስቲ ከዚያ ዘር ቆንጠር አድርጊልኝ ኤኒድ።»

«ከዘሩስ አልሰጥህም» አለች ቀና ሳትል። «ለእራት የሚሆን ግን ውሰድ።»

ከዚያ ወዲያ በነበሩት ውድድሮች መጀመሪያ ሁለተኛ ወጣች፣ ቀጥሎ ሦስተኛ፣ ከዚያ አንደኛ። በዚያን ዓመት ከእሷ ሌላ ሁለት ሴቶች በአትክልቱ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርትና ካሮት ደርድረው ነበር፤ አንደኛዋ የሲሪል ሚስት ናት።