የትራክተሩ ምድጃ

ልጅ ሳለሁ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ኮልፌ ውስጥ በሐጂ ከድር ግቢ እንኖር ነበር። አባቴ የሐጂን ትራክተር እየነዳ ከአስኮ ማዶ ድርቆሽ ያመላልስ ነበር። በኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። አባቴ ውሃ በብርድ ረግቶ በረዶ ከሆነ ብረት ይሰነጥቃል ሲባል ሰምቶ፣ ማታ ማታ የሞተሩን ውሃ እስከ ጠብታው በባልዲ ያወጣው ነበር። ጠዋት እናቴ በትልቁ ድስት ውሃ ታፈላለች፤ እሱ ያን ሞተሩ ውስጥ ይጨምርና ፍም በቆርቆሮ አድርጎ ከሥሩ ይገፋል። ትራክተሩም ስንቴ አጉረምርሞ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ፣ ረፋድ ላይ ይነሳል።

ሐጂ በዚህ ተማረሩ። አንድ ቀን የሞተር ማሞቂያ የሚባል ነገር አመጡና በመካኒክ አስገጠሙት። ሞተሩ ጎን ውስጥ የገባ ብረት ነው፤ ገመዱን የሐጂ ቤት ሶኬት ላይ ሰክቶ ማሳደር ብቻ ነው።

«ሸምሱ፣ ከእንግዲህ ምክንያት የለህም» አሉት አባቴን። «ነገ በማለዳ ካልተነሳ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ከዕቃው ጋር ወረቀት መጥቶ ነበር፤ ከቤታችን የሚያነበው አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ ፊደል አልቆጠርኩም።

ያን ምሽት አባቴ ገመዱን ሰክቶ ገባና እንደ ልማዱ ፍሙ ዳር ተቀምጦ ተረት ጀመረልን። ያኔ ተረት ሲያወራ ኩራዙ ጥላውን ግድግዳው ላይ ያገዝፈው ነበርና፣ እኔ የማዳምጠው ጥላውን እያየሁ ነው። ብርዱ ከመጽናቱ የተነሳ የሰው ጥላ መሬት ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት አገር ነበር አለ። እዚያ አንድ ገበሬ ለብረት በሬው ሆዱ ውስጥ ምድጃ አስገባለት፤ በሬውም ሞቆት አደረ።

እኔ የነገሩን ውስጥ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«አባዬ፣ ምድጃው የሚያሞቀው ምኑን ነው?»

«ውሃውን ነዋ! ውሃው ሲሞቅ ሞተሩም ይሞቃል።»

«የቱን ውሃ? ያን በባልዲ ያወጣኸውን?»

እናቴ በር ሥር የተቀመጠውን ባልዲ አየች። አባቴ ባዶ እግሩን ሮጠ፤ ተከተልኩት። የተቃጠለ ሽታ ደጅ ላይ ተቀበለን። ገመዱን ነቀለና በእጁ እንደያዘ ቆመ። ስንመለስ እናቴ አልተቆጣችም፤ «ድስቱ እንደሆነ የትም አልሄደም» አለች።

ሳይነጋ ውሃው ፈላ፣ ፍሙ ቀላ። ፀሐይ ብቅ ስትል ትራክተሩ ተነሳ። ሐጂ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ።

«ይኸው! ማሞቂያው ሠራ፣ አላልኩህም?»

አባቴ ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ፊቱን አየሁት።

«አይ ሐጂ፣ አቃጥዬዋለሁ። ውሃ ሳይኖረው ነው የሰካሁት። ያስነሳችው እሷ ናት» አለና በአገጩ ወደ እናቴ ድስት አመለከተ።

ሐጂ ድስቱን አዩ፤ ቆመው የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ።

«እንዲህ ማለዳ መነሳት ትችሉ ኖሯል እንዴ?» አሉ። ቁልፉን አልጠየቁም።

አባቴ ያንን ተረት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አውርቶታል። ብቻ፣ ገበሬው ምድጃውን ከመለኮሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ውሃ መኖሩን ያያል። ታናናሾቼ ድሮም እንዲያ የነበረ ይመስላቸዋል። ዛሬም የልጅ ልጄ የውሃ ማፍያውን ስትሰካ እጄ ሄዶ ክዳኑን ይከፍታል።