ጨዋዎቹ ሎሚዎች

ካሪዳድን መንደሩ የሚፈራት በምላሷ ነበር። በበጋ ምሽት ወንበራችንን አውጥተን መንገድ ዳር ስንቀመጥ ቀድሞ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም፤ የገባ ሰው ወዲያው ወሬ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ባሏ እንኳ በሕይወት ሳለ እርሷ ሳትነሣ አይነሣም ነበር። ከሞተ በኋላ ይህን ራሷ እያወራች ትስቃለች፤ ሳቁ ሲያልቅ አፍንጫዋን በመሀረብ ትጠርጋለች። ልጅ አልወለዱም። ያላት ነገር ቢኖር አባቷ የለውዝ ዛፎቹን ነቅሎ የተከለው የሎሚ እርሻ ነው፤ ከመንገዱ እስከ ቦዩ የሚወርድ፣ ከእኔ ማሳ በአንድ የድንጋይ ካብ የሚለይ። ዛፎቹን ስትከረክም ስትሰድባቸው ከማሳዬ ሆኜ እሰማለሁ። አንዱን ሰነፍ፣ አንዱን ሆዳም፣ ሌላውን የእንጀራ ልጅ ትለዋለች። የምትወደውን ሁሉ ትሰድባለች።

በሙርሲያ ሜዳ የተወለደ ሰው ከዝናብ ብዙ አይጠብቅም። ውሃ የምናገኘው ከቦዩ ነው፣ እሱም በተራ። ከላይ ያለው ሰው ጨርሶ «ያንተ ነው» ብሎ ይጮኻል፤ ከታች ያለው የማሳውን መግቢያ የሚዘጋውን ሳንቃ አንሥቶ «ገባልኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ውሃው የእሱ ነው። እንቅልፍ የጣለው ወይም «ዛሬ ይቅርብኝ» ያለ ሰው ግን ተራው ለቀጣዩ ያልፋል፤ ዙሩ ሞልቶ እስኪመለስ ድረስም አይጠይቅም። ማንም ይሁን ማን።

ይህን ሕግ ከካሪዳድ በላይ የሚያጠብቅ አልነበረም። ሚስቴ በምጥ የተያዘች ቀን ተራዬ አመለጠኝ፤ ሆስፒታል አድርሻት እየሮጥኩ ስመለስ ውሃው የካሪዳድ ማሳ ውስጥ ይፈሳል። የእኔ ቃሪያ ገና ችግኝ ነበር። ትንሽ እንድትለቅልኝ ለመንኳት። «ልጁ ይወለድ፣ እሰየው፤ ውሃው ግን ያልፋል» አለችኝ። ልጄ ዛሬ ጢም አብቅሏል፣ ቃሪያው ግን በዚያው ደረቀ። ቂም አልያዝኩባትም እላለሁ፤ ይኸው ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማዘጋጃ ቤቱ ፍሳሽ ማጣሪያ ባሠራ ጊዜ የተጣራውን ውሃ መጀመሪያ ያቀረበው ለእኛ ለመስኖ ማኅበሩ ነው፤ ቦያችን ለማጣሪያው ቅርብ ስለነበር። ያኔ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ የነበረው ብላስ፣ ካሪዳድ አብራው የተማረች ሰው፣ ውሃውን በጆግ ይዞ ጉባኤያችን ላይ ቀረበ። በብርጭቆ ቀድቶ ግማሹን ፊታችን ጠጣው። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ሲያመነታ ካሪዳድ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ብላስ፣ አንተ ጠጣው፤ ያገኘኸውን ሁሉ እንደምትጠጣ ድሮም እናውቃለን። የእኔ ሎሚዎች ግን ጨዋ ናቸው፤ ከሰው ሽንት ቤት የወጣ አይቀምሱም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀ መንበሩ እጅ ሊቆጥር ሲሞክር ራሱ ዕንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ውሃውን እንቀበል ብሎ እጁን ያነሣ አንድ ሰው አልተገኘም። ብላስ ጆጉን ታቅፎ ወጣ። በዚያ ጊዜ ከሰሜኑ ወንዝ በትልቁ ቦይ የሚመጣልን ውሃ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ቀልድ ይጣፍጠዋል። እኛ እምቢ ያልነውን ውሃ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ኮረብታ ላይ ሊሠራ የታሰበው የጎልፍ ሜዳ ተቀበለ። ለሃያ አምስት ዓመት ተዋዋለ፣ ብላስንም የሣር አለቃ አድርጎ ወሰደው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የካሪዳድ ቃል ግን አፋፍ ላይም አልቆመ፤ ሣር ሆኖ በቀለ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። አንደኛውን ዓመት ቻልነው፣ ሁለተኛውን አጉረመረምን። በሦስተኛው የሰሜኑ ወንዝ ራሱ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገረው ሆነ ተባለ፤ የእኛ ድርሻ መጀመሪያ ተቀነሰ፣ በኋላም ጭራሽ ቀረ። የገበሬውን ጠባቂ የቅዱስ ኢሲድሮን ሐውልት ተሸክመን በየማሳው አዞርነው፤ አቧራ ለብሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከኮረብታው በኩል ደግሞ በየማለዳው የጎልፉ ውሃ መርጫዎች ሲዞሩ ይሰማል። ያን ድምፅ እየሰሙ የደረቀ ቅጠል መልቀም ሰውን ክፉ ያደርጋል፤ እኔንም አድርጎኛል።

ቡና ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ወጣቶቹ ዓለም እየጋለ፣ ሰው የሚጠጣው ሊያጣ፣ እናንተ ኳስ ለማንከባለል ሣር ታጠጣላችሁ ይላሉ። የጎልፉ ሠራተኞች የምናጠጣው ፍሳሽ ነው፣ የመንደሩ ግማሽ ልጅም እንጀራው ከዚያ ነው ብለው ይመልሳሉ። ሽማግሌዎቹ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን ቴሌቪዥኑ ሲያነሣው ድምፁን ያስቀንሱታል፤ ድርቅ ድሮም ነበር ባዮች ናቸው። እንዲህ ያለውን አይታችሁ ታውቃላችሁ ሲባሉ ግን ብርጭቋቸውን ያያሉ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ነበራቸው። በዚህ መሃል የካሪዳድ ሎሚዎች ቅጠላቸውን ጠቀለሉ፣ ፍሬያቸውም ለውዝ አክሎ ቀረ። ነሐሴ ሳያልቅ ካልጠጡ ከቦዩ የራቁት የላይኞቹ ረድፎች እንደማይነሡ እርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የጎልፉ ውል በጥቅምት የሚያልቅ ነበር። ጎልፉ ይታደስልኝ ስላለ ማዘጋጃ ቤቱ በሐምሌ ሕዝቡን ጠራ። የካሪዳድ የወንድም ልጅ ኒዬቬስ፣ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ «ውሃችንን መልሱ» ተብሎ የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ ይዛ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። በስብሰባው ዋዜማ አክስቷን ስታግባባ እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ።

«አክስቴ፣ አንቺ ገበሬ ነሽ፣ አንቺን ይሰሙሻል። ሰረቁን በይ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«እስቲ እንግዲህ» አለች ካሪዳድ። ከእርሷ አፍ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከአንድ ወገን ወጣቶቹ ከነጨርቃቸው፣ ከሌላው ወገን ጎልፉ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ያለበሳቸው ሠራተኞች፣ ፊት ለፊት ደግሞ ብላስ ተቀምጦ ነበር፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ካሪዳድ ስሟ ሲጠራ ወንበሩን ተደግፋ ቆመች።

«ማንም አልሰረቀንም» አለች። «ተራው የእኛ ነበር። ይቅርብን አልን፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ። ለቀጣዩ አለፈ፣ ሕጋችን ነው። አሁን ዙሩ ሊሞላ ነው። ሲሞላ ተራችንን እንፈልጋለን።»

ወጣቶቹ የያዙት ጨርቅ ቀስ እያለ ወረደ። ኒዬቬስ ፊቷ ቀላ። ብላስ ግን ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሳይቸኩል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካሪ፣ ሎሚዎችሽ ጨዋ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ» አለችው። «አሁን ተጠምተዋል።»

የሳቀ አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሳኔው ተነገረ። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃው ለእኛና ለጎልፉ ለሁለት ይከፈላል፤ ጎልፉ ኳሷ የምትገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ያለውን ብቻ ያጠጣል፣ የቀረው ሣር ቢያሻው ይቃጠል። ለወጣቶቹ የተገኘው አነሳቸው፣ ለጎልፉ የተወሰደበት በዛበት፤ ስለዚህ ፍርዱ ደህና ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ኒዬቬስ አክስቷን ሳትሰናበት ከተማ ገባች። ለካሪዳድ ግን ከጥቅምት በፊት ነሐሴ ነበረባት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ ውሻ እንኳ በማያስጮህበት ሰዓት፣ ብላስ በጎልፉ ትንሽ መኪና ወደ ቦዩ ዳር መጣ። ካሪዳድ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ከካቡ ወዲህ ነኝ። የጎልፉ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ መክፈቻ በእጁ እንደሆነ፣ ዛሬ ጥቂት ቢለቅላት የሚጠይቀው እንደሌለ ነገራት። ሊቀልድባት አልመጣም፤ ድምፁ የአሮጌ ጓደኛ ድምፅ ነበር። እርሷ ወደ ላይኞቹ ረድፎች ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«ይሄ ሰውዬስ?»

«እኔ ምንም አላየሁም፣ እትዬ» አልኩ። ከልቤ ነበር። እነዚያን ዛፎች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ሲሞቱ ማየት አልፈለግሁም።

«ሚስትህ ምጥ ላይ ሆና፣ አንተ ስትለምነኝ ምን አልኩህ?»

አላስታውስም ልላት ነበር። አልቻልኩም።

«ውሃው ያልፋል አልሽኝ።»

«እንግዲህ ይለፍ» አለች።

ብላስ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀና ሄደ። እኔ ተናደድኩባት። ያን ቀን ሕጉንም፣ እርሷንም፣ ያን አሮጌ ቃሪያዬንም ረገምኩ። ይቅር ብያት ቢሆን ኖሮ ጥያቄዋን ዋሽቼ እመልስ ነበር ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ወቀስኩ።

በመስከረም ላይኞቹን ረድፎች በመጋዝ ጣልናቸው። ኒዬቬስ ማንም ሳይጠራት ከከተማ መጥታ ግንዱን እየጎተተች ትከምር ነበር፤ ስለ ስብሰባው ሁለቱም አላነሡም። ካሪዳድ ያን ቀን አንድም ዛፍ አልሰደበችም። ዝም ብላ ቅርንጫፍ ስትሰበስብ ዋለች፤ እኔም ከዚያ ዝምታ ይልቅ ስድቧ በተሻለኝ ነበር።

በጥቅምት፣ ተራችን በገባበት ቀን፣ የቀሩት ቦዩ ዳር ያሉት ጥቂት ረድፎች ነበሩ። ብላስ ከላይ መክፈቻውን አነሣና «ያንቺ ነው» ብሎ ጮኸ። ውሃው ደረቅ ቅጠል እየገፋ መጣ። ምንም ሽታ አልነበረውም። ካሪዳድ ጎንበስ ብላ ሳንቃውን አነሣች፤ ጉልበቷ ስላልታዘዘላት ኒዬቬስ ክንዷን ያዘቻት።

«ገባልኝ» አለች። እስከ ብላስ ድረስ የሚሰማ አልነበረምና ደገመችው። ከዚያ ወደ ዛፎቹ ዞረች።

«ጠጡ እንግዲህ» አለቻቸው፣ «እናንተ ባለጌዎች።»