አንካሳው ነፋስ

«ጡት ጥለሻል ወይስ ገና ነሽ?» አለኝ እጮኛዬ፣ መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ሽፋኑን እያየ። ሽፋኑ ላይ «ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ላሊበላ ሎጅ ውስጥ አንሶላ የማጥብ፣ ሽማግሌ ተልኮብኝ ሰርጌ ለጥር የተቆረጠ ሴት ነኝ።

እሱ የሚያነበው ቶሎ ሀብታም መሆንን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ዕልባቱ ከመግቢያው አልፎ አያውቅም።

የእኔ መጽሐፍ ተከታታይ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍል የሎጁ እንግዶች አልጋ ሥር ጥለውት ሄዱ። ያነሳሁት እንግሊዝኛዬን ላሻሽልበት ብዬ ነበር፤ ትንሽ እንደሄድኩ እንግሊዝኛውን ረሳሁት። ነፋሶችን እንደ በግ የምትጠብቅ ልጅ ታሪክ ነው። ጠዋት ታሰማራቸዋለች፣ ማታ ታስገባቸዋለች። አንዱ አንካሳ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። እሱ የጠፋ ዕለት አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት እንባ እንቢ የሚለኝ ሴት፣ ለነፋስ።

ተከታዮቹን ክፍሎች ያስመጣልኝ እጮኛዬ ራሱ ነው። አስጎብኚ ስለሆነ ለሚመጡ እንግዶቹ አምጡልኝ ብሎ ይጽፍላቸዋል። እያላገጠብኝም ቢሆን ያመጣል፤ ከዚያ «እስኪ ተርኪልኝ» ይላል። እያዛጋ ይሰማኛል። እኔ ጅሏ፣ ስለሚወደኝ ነው ብዬ ነበር።

ዕረፍት በወጣሁበት ቀን ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር የመጡ ባልና ሚስት ይዞ ገነተ ማርያም ሲሄድ እኔንም ጫነኝ። ቤተ ክርስቲያኑን አሳይቶ ሲጨርስ ውጭ ቋጥኙ ሥር አቆመን፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አባቶቻችን ሲናገሩ፣ በዚህ ተራራ አንድ አንካሳ ነፋስ ነበር» አለ በእንግሊዝኛ፤ ጠፍቶ እንዴት እንደተገኘም ተረከላቸው።

አባቱ ብልባላ በሚባል ገጠር ያርሳሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እንግዶቹ በስልካቸው ይቀርጹታል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አንድ ቄስ በትህትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ልጅቷ ግን «ይሄ እኮ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ላይ» አለች።

ሳቀ። «ደራሲዋ እዚህ መጥታ ሰምታ ነው። እሷን ጠይቂያት፣ የአገሩ ልጅ ናት።» ወዲያው በአማርኛ፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ «አዎ በያት። ነገ የምትኖሪው ከእኔ ጋር ነው» አለኝ።

ልጅቷ አንጋጣ ታየኛለች።

«ሁለተኛው ላይ አይደለም፤ ሦስተኛው ላይ ነው» አልኳት።

«እውነትሽን ነው፣ ከድልድዩ በኋላ» አለች፣ ፊቷ በርቶ። አባቷ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እጮኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ጎተተኝ። «ለሕፃን ተረት ብለሽ ነው በሰው ፊት የምታዋርጂኝ?»

«የሕፃን ከሆነ ለምን ሰረቅኸው? በዚያ ላይ አበላሽተህ ነው የተረክኸው።»

«እንግዲህ ጥር የሚባል ነገር የለም።»

«አይኑራ።»

ነጠላዬን ከመኪናው አወጣሁና የላሊበላን መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት።